ቶኽኒ፦ ሙስሊሞቿን ያጣች የቆጵሮስ መንደር

ቢስሚላሂር ረህማኒር ረሂም

ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ባለፈው ዝግጅታችን ስለ ሰሓቢያዋ ኡሙ ሐራም ቢንት ሚልሓን (ረ.ዐ) ተነጋግረን ነበር። የአነስ ኢብኑ ማሊክ አክስት፣ የዑባዳ ኢብኑ ሷሚት ባለቤት ናት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በቤቷ አረፍ ብለው ሳለ ከኡመታቸው በባሕር ላይ የሚዘምቱ ሰዎችን በህልማቸው አይተው እየሳቁ ነቁ። እርሷም ከነዚያ ሰዎች እንድትሆን ዱዓ እንዲያደርጉላት ጠየቀቻቸው። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በዑስማን (ረ.ዐ) ኸሊፋነት ዘመን፣ በ28ኛው ዓመተ ሂጅራ ገደማ ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ወደ ቆጵሮስ ደሴት ሲዘምቱ ከባለቤቷ ጋር ተሳፍራ ሄደች። እዚያም ከተቀመጠችበት እንስሳ ወድቃ ሞተች። ቀብሯ ነው ተብሎ የሚታወቀው ቦታ ላርናካ ከምትባለው ከተማ አጠገብ፣ በጨው ሐይቅ ዳር ይገኛል።

ያ ዝግጅት ከተላለፈ በኋላ አንዲት እህት ደወለችልን። «ኡስታዝ፣ ለመሆኑ ዛሬ በዚያ አካባቢ ሙስሊም አለ? ጎረቤቶቿስ እነማን ናቸው?» ብላ ጠየቀች። ጥያቄዋ ቀላል መስሎኝ ነበር፤ መልሱን ስፈልግ ግን ቀላል እንዳልሆነ ተረዳሁ። አጭሩ መልስ ይህ ነው፦ በዚያ አውራጃ መንደሮች ለ400 ዓመታት የኖሩት ሙስሊሞች ከጥቂቶች በስተቀር በ1974 እና በ1975 አገራቸውን ለቀው ወጥተዋል። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሂጅሪ ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ረጅሙን መልስ ደግሞ በአንዲት መንደር ታሪክ ልመልስ። ደሴቲቱን በሙሉ አንስቼ ብናገር ነገሩ የፖለቲካ ዜና ሆኖ ይቀርብናልና።

የመንደሪቱ ስም ቶኽኒ ይባላል። ከላርናካ ወደ ሊማሶል በሚወስደው መንገድ፣ ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ገባ ብላ፣ በሁለት ተረተሮች መካከል የተቀመጠች የድንጋይ ቤቶች መንደር ናት። ከታች በሸለቆው ቤተ ክርስቲያኗ አለች፤ የወንዙን መውረጃ ተሻግራ የተሠራች ናት። ክርስቲያኖቹ ይህችን ቤተ ክርስቲያን የመሠረተቻት ንግሥት እሌኒ ናት ይላሉ፤ እዚህ አገራችን ጎረቤቶቻችን በመስቀል በዓል የሚያነሷት ያቺው እሌኒ ማለት ነው። ከፍ ካለው ቦታ ላይ ደግሞ መስጂዱ ቆሟል። የአንዱ ደወል ከታች፣ የሌላው አዛን ከላይ ይሰማ ነበር ማለት ነው።

ቱርኮቹ መንደሪቱን ከጥንት ዶህኒ ሲሏት ኖረው፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ በየመንደሩ የቱርክኛ ስም ማውጣት ሲጀመር ታሽኬንት አሏት። የኡዝቤኪስታኑ ታሽኬንት አይምሰላችሁ። «ታሽ» ድንጋይ፣ «ኬንት» ከተማ ነው፤ የድንጋይ ከተማ እንደማለት። ይህንን ስም ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

እንዲህ ያለች ድብልቅ መንደር እንዴት ተፈጠረች? ዑስማኒያዎች ቆጵሮስን ከቬኒስ መንግሥት እጅ የወሰዱት በ1571 ነው። ከዘመቱት ወታደሮች ከፊሎቹ መሬት ተሰጥቷቸው ቀሩ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ከአናቶሊያ ቤተሰቦች እየተነሡ ወደ ደሴቲቱ እንዲሰፍሩ የሱልጣኑ ትእዛዝ ወጣ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፦ ከመጡት ብዙዎቹ ወደው የመጡ አልነበሩም፤ ተነሡ ተብለው የተነሡ ገበሬዎች ናቸው። ከነዚህ ሌላ ከደሴቲቱ ነዋሪ ኢስላምን የተቀበለው ብዙ ነው። ከፊሉ አምኖ፣ ከፊሉም ከግብር ለመዳን ሰለመ። ልብን የሚያውቀው አላህ ነው። በይፋ ሙስሊም፣ በቤት ውስጥ ክርስቲያን ሆነው ሁለት ስም ይዘው የሚኖሩም ነበሩ። የአገሩ ሰው «ሊኖቫምቫኪ» ይላቸዋል፤ ተልባና ጥጥ ማለት ነው፣ ከሁለት ዓይነት ክር የተሸመነ ጨርቅ እንደማለት።

ስለዚህ የቆጵሮስ ሙስሊም ከውጭ የመጣ፣ ክርስቲያኑ ብቻ የአገሩ ተወላጅ ነው የሚለው ወሬ ልክ አይደለም። ክርስቲያኑ ሁሉ ጠላት ነበር የሚለውም እንዲሁ ልክ አይደለም። በብዙ ድብልቅ መንደሮች ሙስሊሙ ግሪክኛ ይናገር ነበር፤ ከክርስቲያኑም ቱርክኛ የሚችል አይጠፋም። ወይራና ካሮብ አብረው ለቀሙ፣ ለሰርግ ተጠራሩ፣ ለለቅሶ ደረሱ። እርስ በርስ መጋባት ግን እምብዛም አልነበረም፤ ሰፈራቸውና ቡና ቤታቸውም ብዙ ጊዜ የየራሳቸው ነበር። አንዱ በሌላው የቅዱስ ቦታ ስለት ይሳል እንደነበርም ተጽፏል። ይህንን ልማድ እንደ ዲን አስተማሪ አልደግፈውም። ግን ሰዎቹ እርስ በርስ ሳይፈራሩ ይኖሩ እንደነበር ያሳያልና ልደብቀው አልፈልግም።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። እንግሊዞች ደሴቲቱን የተረከቡት በ1878 ነው። በ1881 ባደረጉት ቆጠራ በቆጵሮስ 186 ሺህ ያህል ሰው ተገኘ፤ ከ45 ሺህ በላይ የሚሆነው ሙስሊም ነበር። ከአራቱ አንድ ማለት ነው። በ1960 ቆጠራ ከ573 ሺህ ሰው 104 ሺህ ያህሉ ቱርክ ተብሎ ተመዘገበ። በነዚህ 80 ዓመታት ውስጥ ሰውየው ያው ነው፤ መጠሪያው ግን «ሙስሊም» መሆኑ ቀርቶ «ቱርክ» ሆነ። ጎረቤቱም «ኦርቶዶክስ» ከሚለው ይልቅ «ግሪክ» የሚለውን ስም መረጠ። ሃይማኖት የሚያውቀው ጎረቤትነት ብሔርተኝነት በሚያውቀው ባንዲራ ተተካ።

ሌላም ቁጥር አለ፤ እኔን በጣም ያስገረመኝ እርሱ ነው። በ1891 በደሴቲቱ ሁለቱም ወገኖች አብረው የሚኖሩባቸው 346 መንደሮች ነበሩ። በ1931 ይህ ቁጥር 252 ሆነ። በ1960 ነጻነት ሲታወጅ 114 ብቻ ቀርተው ነበር። በ1970 ደግሞ 48። እንግዲህ አስቡት፤ ትልቁ ጦርነት የመጣው በ1974 ነው። ከጦርነቱ በፊት ግን ድብልቅ መንደሩ አብዛኛው አልቆ ነበር። በመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት ያለ ጥይት ነው ያለቀው። አንድ ቤተሰብ ልጁን በራሱ ወገን ትምህርት ቤት ለማስተማር ወደ ሌላ መንደር ይሄዳል። ሌላው መሬቱን ለጎረቤቱ ሸጦ ወገኖቹ ወደበዙበት ይጠጋል። እዚህ ሦስት ቤት፣ እዚያ አምስት ቤት። ማንም አዋጅ አልነገረም፤ ማንም አላለቀሰም።

የትምህርት ቤቱን ነገር ትንሽ ልበልበት። እንግሊዞች የግሪክና የቱርክ ልጆች የሚማሩበትን ትምህርት ቤት ለያይተው አቆዩት። የአንዱ መጽሐፍ ከአቴንስ፣ የሌላው ከቱርክ ይመጣ ነበር። በአንድ ምንጭ ውኃ የሚቀዱ ልጆች አንዱ የአንደኛውን ድል፣ ሌላው ያንኑ ድል እንደ ሽንፈት ተማረው። ከ1955 ጀምሮ ኢዮካ የተባለው የግሪኮች ድርጅት ደሴቲቱ ከግሪክ ጋር እንድትዋሃድ ጦር መሣሪያ አነሣ። ቱርኮቹም ቲኤምቲ የተባለ የምስጢር ድርጅት አቋቁመው ደሴቲቱ ለሁለት ትከፈል አሉ። ሁለቱም ድርጅቶች ከሌላው ወገን ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ወገን አብረን እንኑር የሚሉትንም ገድለዋል። በ1958 ደም ፈሰሰ። ነሐሴ 16 ቀን 1960 አገሪቱ ነጻ ወጣች፤ ሊቀ ጳጳስ ማካሪዮስ ፕሬዚዳንት፣ ዶክተር ፋዚል ኩቹክ ምክትል ሆኑ። ሦስት ዓመት ከጥቂት ወራት ቆየ። በታኅሣሥ 1963 መጨረሻ በኒኮሲያ ግጭት ተነሣ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ወራት 25 ሺህ ያህል ቱርኮች ወደ 100 ከሚጠጉ መንደሮች ወጥተው በጠባብ ቦታዎች ታጉረው ለዓመታት ኖሩ። የተባበሩት መንግሥታት ሰላም አስከባሪ ጦር የገባው በመጋቢት 1964 ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው አለ።

ቶኽኒ በዚህ ሁሉ ውስጥ ድብልቅ ሆና ቀጠለች። 1970 ላይ ከቀሩት 48 መንደሮች አንዷ መሆኗ ነው። ለዚህም ነው በእርሷ የደረሰው የሚያንገበግበው። እስከ መጨረሻው አብረው የቆዩ ሰዎች ነበሩ።

ሐምሌ 15 ቀን 1974 በግሪክ የነበረው የወታደሮች መንግሥት በማካሪዮስ ላይ መፈንቅለ መንግሥት አስደረገ። ከአምስት ቀን በኋላ የቱርክ ጦር በሰሜን ዳርቻ አረፈ። ቱርኮች የሰላም ዘመቻ፣ ግሪኮች ወረራ ይሉታል። ድርድሩ ሲፈርስ ነሐሴ 14 ቀን ጦሩ ሁለተኛውን ግስጋሴ ጀመረ። የዚያኑ ዕለት በቶኽኒ የኢዮካ-ቢ ታጣቂዎች ቱርክ ወንዶችን ለቀሙ። ወጣቱንም ሽማግሌውንም ሰብስበው በግሪኮቹ ትምህርት ቤት አስቀመጧቸው። ከአጎራባቾቹ ከማሪና ከዚጊ የተያዙም ተጨመሩ። በአውቶቡስ ጭነው ወስደው ከሊማሶል በላይ ፓሎዲያ በሚባል ቦታ አካባቢ በጥይት ፈጇቸው። የሞቱት ከ80 በላይ ናቸው። አንድ ሰው ከሬሳው መሐል በሕይወት ተርፎ የሆነውን ተናገረ። ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን።

በአንድ ቀን መንደሪቱ ባሎቿን፣ ወንድሞቿንና ወንድ ልጆቿን አጣች። የቀሩት ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንቶች ናቸው።

ወንድሞችና እህቶች፣ እዚህ ላይ ቆም ብለን ሌላውንም ወገን ካላየን ሚዛናችን ያጋድላል። ይህንን ንግግር ለማዘጋጀት ስነሣ አንድ ወንድም «የነርሱን ለምን ታወራልናለህ? የኛው አይበቃም ወይ?» ብሎኛል። መልሴ በሱረቱል ማኢዳ 8ኛው አንቀጽ ውስጥ አለ። አላህ (ሱ.ወ) በዚያ ለአንድ ሕዝብ ያለን ጥላቻ ፍትሕን እንዳያስጥለን አዞናል። ትእዛዙ ለተቆጣ ሰው ነው የመጣው፤ ላልተቆጣማ ምን ያስፈልገዋል? በዚያው ነሐሴ ወር በሰሜን በኩል ከአሲያ መንደር ብዙ ግሪክ ወንዶች ተወስደው ጠፍተዋል። ከ160 ሺህ በላይ የሆኑ ግሪኮች ቤታቸውን ጥለው ወደ ደቡብ ሸሹ። ብዙዎቹ ሲሸሹ ቁልፋቸውን ይዘው ነበር፤ በሳምንት እንመለሳለን ብለው። የደሴቲቱ የጠፉ ሰዎች ኮሚቴ መዝገብ 2,002 ሰው ይዟል፤ ከነዚህ 492ቱ ቱርኮች፣ 1,510ሩ ግሪኮች ናቸው። እናት እናት ናት፤ በቱርክኛም በግሪክኛም ልጇን ስታጣ ያው ናት።

ወደ ቶኽኒ ሴቶች እንመለስ። ነሐሴ 2 ቀን 1975 ሁለቱ ወገኖች በቪየና ስምምነት አደረጉ። በደቡብ የቀሩ ቱርኮች ከፈለጉ በተባበሩት መንግሥታት እየታገዙ ወደ ሰሜን እንዲሄዱ ተፈቀደ። ስምምነቱ በሰሜን የቀሩት ግሪኮች ባሉበት የመኖር መብት እንዳላቸውም ይላል፤ በተግባር ግን ቁጥራቸው ከዓመት ዓመት እየመነመነ በመጨረሻ በካርፓስ ልሳነ ምድር ጥቂት መቶዎች ብቻ ቀሩ። የቶኽኒ ሴቶችም ሰሜን ደረሱ። የሰፈሩት ቤሽፓርማክ፣ በግሪክኛ ፔንዳዳክቲሎስ በሚባለው ተራራ ደቡባዊ ወገብ ላይ ባለች ቩኖ በምትባል መንደር ነው። ቩኖ ግሪኮች ሸሽተው የወጡባት መንደር ናት። ሴቶቹ ስሟን ለውጠው ታሽኬንት አሏት። መንደራቸውን ማምጣት አልቻሉም፤ ስሙን አመጡት።

ዛሬ ይህች ታሽኬንት የባል የሞተባቸው ሴቶች መንደር ተብላ ትታወቃለች። ከበላይዋ በተራራው ላይ ግዙፍ ባንዲራ ተሥሏል፤ ከኒኮሲያ ግሪኮች ሰፈር ሳይቀር ቁልጭ ብሎ ይታያል። ባንዲራው የገዳዮቹን ዓይን እንዲወጋ ታስቦ ይሆናል። ነገር ግን የሚያዩት ገዳዮቹ ብቻ አይደሉም። ከቩኖ የተባረረው ሰውዬም ቀና ባለ ቁጥር የራሱን ተራራ ከነባንዲራው ያየዋል። እርሱ ቶኽኒ ማንን ገደለ?

እዚህ ጋ ነው ነገሩ ለኛ ለዲን ሰዎች ከባድ የሚሆነው። የተባረረች ሴት በተባረረ ሰው ቤት ትኖራለች። ድስቷን የጣደችበት ምድጃ የሌላ ነው፤ የምትለቅመውን ወይራ የተከለው ሌላ ሰው ነው። የርሷ ቤት ደግሞ በደቡብ አለ። በሸሪዓችን የሰውን ንብረት ያለ ሐቅ መያዝ «ገስብ» ይባላል። ከሰው መሬት አንድ ስንዝር በግፍ የወሰደ በቂያማ ቀን እስከ ሰባት ምድር ድረስ በአንገቱ እንደሚጠለቅለት ሰዒድ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ካስተላለፉት ሐዲስ እናውቃለን። ፉቀሃዎች በተቀማ መሬት ላይ የተሰገደ ሰላት ይበቃል ወይስ አይበቃም በሚለው እንኳ ተከራክረዋል። አብዛኞቹ ሰላቱ ይበቃል፣ ወንጀሉ ግን አለ ሲሉ ከሐንበሊዎች የታወቀው አቋም አይበቃም የሚል ነው።

ታዲያ ያቺ ባሏን በአውቶቡስ ጭነው የወሰዱባት ሴት ገሲብ ናት እንበል? እኔ አልልም። የቲሞቿን ይዛ መንገድ ላይ የነበረች ናት፤ ግቢ ያላትም ራሷ አይደለችም። ለችግረኛ ጣሪያ ዶሩራ ነው። ነገር ግን ዶሩራ የባለቤቱን ሐቅ አያጠፋም፤ ይህ በፊቅህ የታወቀ ነው። በረሃብ ተገዶ የሰው እህል የበላ ሰው ወንጀል የለበትም፣ ዋጋውን ግን መክፈል አለበት ብለዋል ብዙዎቹ ዑለማዎች። ስለዚህ በቩኖ ቤት መኖሯ አንድ ነገር ነው፤ ቩኖ ከነአካቴው ባለቤት አልነበራትም ማለት ሌላ ነው። በሰሜን ያለው አስተዳደር ለሰፋሪዎቹ የባለቤትነት ወረቀት ሰጥቷል። በደቡብ ደግሞ የቱርኮቹን ንብረት መንግሥት በሞግዚትነት ይዞ ተፈናቃይ ግሪኮችን አስፍሮበታል። ባለቤቶቹ በወረቀት ባለቤት ናቸው፤ ሊያዙበት ግን አይችሉም። ከ2006 ጀምሮ በሰሜን የንብረት ኮሚሽን ተቋቁሞ ለግሪኮቹ ካሳ መክፈል ጀምሯል፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2010 ተቀብሎታል። ገንዘቡን የተቀበሉ አሉ። አሻፈረኝ፣ የአባቴን አጥንት አልሸጥም ያሉም አሉ። ሁለቱንም መውቀስ ይከብዳል።

ሌላው የፊቅህ ጣጣ የጠፋ ሰው ጉዳይ ነው፤ «መፍቁድ» ይባላል። በቆጵሮስ ብዙ ሚስቶች ባላቸው ይሙት ይኑር ሳያውቁ ቀርተዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ባሏ የጠፋባት ሴት አራት ዓመት ጠብቃ፣ ከዚያ የአራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ቆጥራ ማግባት እንደምትችል ፈርደዋል፤ ኢማሙ ማሊክም ይህንኑ ይዘዋል። በሐነፊዎች ዘንድ ግን የባሏ እኩዮች ሞተው እስኪያልቁ መጠበቅ አለባት የሚል ጠንካራ አቋም አለ። የቆጵሮስ ሙስሊሞች ደግሞ ሐነፊዎች ናቸው። በሕጉ ቀላሉ መንገድ ቢከፈትላትስ የልቧን ማን ይከፍትላታል? ጀናዛ ያልተሰገደበት፣ አፈር ያልተመለሰበት ሰው ሚስቱ ዘንድ አልሞተም። በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች።

ኮሚቴው የተቋቋመው በ1981 ሲሆን ቁፋሮውን በሰፊው የጀመረው በ2006 ነው። የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች፣ ግሪክና ቱርክ ወጣቶች፣ በአንድ ጉድጓድ ውስጥ ተንበርክከው አጥንት በብሩሽ ይጠርጋሉ። እስካሁን ከ1,000 በላይ ሰዎች ማንነታቸው ተለይቶ ለቤተሰቦቻቸው ተሰጥተዋል። ከቶኽኒ ሟቾች የተገኙትም ወደ አዲሲቱ ታሽኬንት መጥተው ተቀብረዋል። ባሏን በ30 ዓመቷ የተነጠቀች ሴት በ70 ዓመቷ በትንሽ ሣጥን ተረከበችው ማለት ነው።

አሁን ወደ አንድ የቆየ ታሪክ ልውሰዳችሁ። ከዛሬው ርዕስ የራቀ ይመስላል፤ አይደለም። ሙዓዊያ (ረ.ዐ) ቆጵሮስን ሲይዙ ከነዋሪዎቹ ጋር በዓመት 7 ሺህ 200 ዲናር እንዲከፍሉ ተስማምተው ነበር። ነዋሪዎቹ ለሩም መንግሥትም እንዲሁ ይከፍሉ ስለነበር በሁለት ኃያላን መካከል የተያዙ ምስኪኖች ነበሩ። ከዘመናት በኋላ የበኒ ኡመያው ኸሊፋ ወሊድ ኢብኑ የዚድ ጠረጠራቸውና ብዙዎቹን ነቅሎ ወደ ሻም አሰፈራቸው። የታሪክ ጸሐፊው በላዙሪ «ፉቱሑል ቡልዳን» በተባለው መጽሐፉ እንደዘገበው ሙስሊሞች ይህንን ድርጊት አወገዙት። ቀጥሎ የነገሠው የዚድ ኢብኑል ወሊድም ሰዎቹን ወደ አገራቸው መለሳቸው። ይህ የሆነው በ744 ገደማ ነው። የተመለሱት ሰዎች ክርስቲያኖች ነበሩ።

በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ነገሩ እንደገና ተነሣ። የድንበሩ ገዥ ዐብዱል መሊክ ኢብኑ ሷሊሕ ከቆጵሮስ ሰዎች አንዳንዶቹ ስላመፁ ውሉን ላፍርሰው ወይ ብሎ ለዘመኑ ታላላቅ ዑለማዎች ጻፈ። ኢማሙ ማሊክ ውሉ የቆየና የጸና ነው፣ ማስረጃው ሳይጣራባቸው አትቸኩል በሚል መንፈስ መለሱ። ለይስ ኢብኑ ሰዕድ በጥርጣሬ ያዩዋቸው ነበር፤ እርሳቸውም ቢሆኑ አስቀድሞ ይነገራቸው፣ የአንድ ዓመት ጊዜም ይሰጣቸው አሉ። ሙሳ ኢብኑ አዕየን ደግሞ ብዙሃኑ ጥቂቶች ባደረጉት አልተስማማ ይሆናል፣ ስለዚህ ቃሉ ይጠበቅላቸው አሉ። ልብ በሉ፤ እነዚህ ሊቃውንት የጻፉት ለባለ ሥልጣን ነው። የጻፉትም ስለ ክርስቲያኖች ነው፤ ያውም ስለ ተጠረጠሩ ክርስቲያኖች።

ከዚያ ወዲህ 1,200 ዓመት አልፏል። በ1974 በቶኽኒ የተለቀሙት ወንዶች የሞቱት ሌላ ቦታ የሚገሠግሰው ጦር የነርሱ ወገን ነው ተብሎ ነው። የቩኖ ሰዎች ቤታቸውን ያጡት ሌላ ቦታ የገደለው የነርሱ ወገን ነው ተብሎ ነው። ሙሳ ኢብኑ አዕየን በአንድ መስመር የመለሱት ጥያቄ እዚያው ደሴት ላይ መልስ አጥቶ ይኸው አለ።

ሚያዝያ 23 ቀን 2003 የተዘጋው መሥመር ሳይታሰብ ተከፈተ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሺህ የሚቆጠር ሰው በሁለቱም አቅጣጫ ተሻገረ፤ የትውልድ ቤቱን በር አንኳክቶ «ይህ ቤቴ ነበር» ያለ ብዙ ነው። ቡና የቀረበላቸው ነበሩ። ተጠብቆ የቆየ የሠርግ ፎቶግራፍ የተመለሰላቸው፣ ከግቢያቸው ሎሚ ለቅመው ወይም አፈር ቋጥረው የሄዱ ነበሩ። በሩ ያልተከፈተላቸውም ነበሩ። በዓመቱ ሚያዝያ 24 ቀን 2004 ደሴቲቱን ለማዋሐድ ሕዝበ ውሳኔ ተደርጎ ከቱርኮቹ ወደ 65 ከመቶ የሚሆኑት ደገፉ፣ ከግሪኮቹ ወደ 76 ከመቶ የሚጠጉት ተቃወሙ። በ2017 በስዊዘርላንድ የተደረገው ድርድርም ያለ ውጤት ተበትኗል።

እህታችን የጠየቀችው ጥያቄ እንዳይረሳ፦ የኡሙ ሐራም (ረ.ዐ) መስጂድ ክፍት ነው። መሥመሩ ከተከፈተ ወዲህ የሰሜን ሙስሊሞች በዒድና በሌሎች ቀናት ጀማዓ ሆነው ይመጣሉ። በላርናካና በአካባቢው ዛሬ የሚኖሩት ሙስሊሞች ግን በአብዛኛው ከሶሪያ፣ ከባንግላዴሽ፣ ከፓኪስታንና ከሌሎች አገሮች የመጡ ስደተኞችና ሠራተኞች ናቸው። የድሮዎቹ ጎረቤቶቿ ቤሽፓርማክ ተራራ ሥር ናቸው።

ቶኽኒም አለች። የድንጋይ ቤቶቿ ታድሰው ቱሪስቶች ያርፉባቸዋል፤ ጸጥ ያለች ውብ መንደር ናት ይላሉ ያዩዋት። ቤተ ክርስቲያኗ ከሸለቆው፣ መስጂዱም ከከፍታው ላይ እንደቆሙ ናቸው። መስጂዱ ግን አዛን የሚልበት፣ ሰፍ የሚሠራበት የመንደሩ ሰው የለም።

በሚቀጥለው ወር ስለ ቆጵሮስ ወቅፎች የጠየቃችሁንን ኢንሻአላህ እንመለስበታለን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ።